ከብት እያገዱ የሚማሩበት የተራራ ኮሌጅ

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል በተዘረጋ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ይገኛል። የተማሪዎቹ ቁጥር ከ24 እስከ 30 ብቻ ነው። የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ ምግብና መኝታም በነጻ ነው። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ላም ያልባል፣ መስኖ ያጠጣል፣ መኖ ያጭዳል፣ ለጓደኞቹ ምግብ ያበስላል፣ የታረደ ከብት ብልት ያወጣል፣ አጥር ይጠግናል። ከዚህ የቀረውን ጊዜ ደግሞ በክፍል ውስጥ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይማራል።

ይህ ተቋም ዲፕ ስፕሪንግስ ኮሌጅ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከሚገኝበት ሸለቆ ሲሆን፣ ትርጉሙ «ጥልቅ ምንጮች» ማለት ነው። የተመሠረተው በ1917 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ ዓመት በላይ በቆየ ዕድሜው የተማሪዎቹን ቁጥር ለማብዛት አልሮጠም። ዓላማው የከብት አርቢዎችን ማፍራትም አይደለም። ሆኖም ትምህርትና የእርሻ ሥራ እንዴት ተጣምረው ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ ጥምረቱም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ጥሩ ማሳያ ነው።

ከኃይል ማመንጫ የመነጨ ሐሳብ

የኮሌጁ መሥራች ሉሲየን ነን በ1853 የተወለዱ፣ በሕግ ሙያ፣ በባንክና በማዕድን ሥራ የተሰማሩ ሰው ነበሩ። በኮሎራዶ ግዛት ተራሮች ውስጥ ቴሉራይድ በምትባል የማዕድን ከተማ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ አንድ ከባድ ችግር ገጠማቸው። የወርቅ ማውጫው ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ላይ ስለነበር ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ማገዶና ከሰል በበቅሎ ተጭኖ ነበር የሚወጣው። የማጓጓዣው ወጪ ማዕድን ማውጫውን ወደ ኪሳራ አፋፍ ገፍቶት ነበር።

ሉሲየን መፍትሔውን ከተራራው በሚወርደው ውሃ ላይ አገኙት። በ1891 ኤምስ በተባለው ቦታ የውሃ ኃይል ማመንጫ አቋቋሙ። ከዚያም የዌስቲንግሃውስ ኩባንያን መሣሪያዎች ተጠቅመው ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ኃይል አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ማዕድን ማውጫ አደረሱ። ሥራው ተለዋዋጭ ኃይልን ለኢንዱስትሪ በማዋል ረገድ በዓለም ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የሰው ኃይል ነበር። ማመንጫዎቹ ያሉት በሩቅ ተራሮች ላይ ነው፤ በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያም በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። ሉሲየን ወጣቶችን እየቀጠሩ በማመንጫዎቹ ላይ ቀን ያሠሯቸው፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ያስተምሯቸው ጀመር። በዩታ ግዛት በሚገኘው የኦልምስቴድ ማመንጫም መማሪያ ክፍልና መኖሪያ ያለው ማዕከል ተቋቋመ። መሥራቹ በሂደት ከኤሌክትሪኩ ይልቅ በወጣቶቹ አስተዳደግ ላይ እየተመሰጡ መጡ። በ1911 ለተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ የሚሰጠውን የቴሉራይድ ማኅበር አቋቋሙ። ከስድስት ዓመት በኋላም በዲፕ ስፕሪንግስ ሸለቆ የነበረውን የከብት እርባታ ገዝተው 20 ተማሪዎችን በመቀበል ኮሌጁን ከፈቱ። ሉሲየን በ1925 ሲያርፉ ኮሌጁ ገና የስምንት ዓመት ተቋም ነበር።

ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። መሥራቹ ወጣቶቹ ከከተማ ግርግርና ከገበያ ርቀው ራሳቸውን እንዲያዩ ይፈልጉ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከኮሌጁ ተነስቶ ቢሾፕ ወደምትባለው ከተማ ለመድረስ በተራራ መተላለፊያ ላይ ጠመዝማዛውን መንገድ ተከትሎ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና ጉዞ ይጠይቃል።

ደረቅ ምድር፣ ውድ ውሃ

ሸለቆው ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በሰሜንና በምዕራብ በኩል የኋይት ተራሮች፣ በደቡብ ደግሞ የኢንዮ ተራሮች ከበውታል። ከኋይት ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ከ4 ሺህ 300 ሜትር በላይ ይደርሳል። በእነዚሁ ተራሮች ላይ በዓለም እጅግ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ዛፎች መካከል የሚቆጠሩ፣ ከ4 ሺህ 800 ዓመት በላይ የኖሩ የጥድ ዝርያዎች ይገኛሉ።

ከምዕራብ በኩል ከውቅያኖስ የሚመጣው ዝናብ ሴራ ኔቫዳ በተባለው ግዙፍ የተራራ ሰንሰለት ላይ ይወርድና ያልቃል። ወደ ምሥራቅ የሚሻገረው ደመና ባዶውን ስለሚደርስ ሸለቆው በዝናብ ጥላ ሥር የወደቀ ነው። ስለዚህ እርሻው የተመሠረተው ከዝናብ ይልቅ በተራራው ላይ በሚከማቸው በረዶ ላይ ነው። በረዶው ሲቀልጥ በጅረት ወርዶ የኮሌጁን ማሳ ያጠጣል። በረዶ ሳይጥል የቀረበት ክረምት በቀጣዩ ወቅት በመኖ ማሳው ላይ ይታያል።

በአካባቢው ውሃ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ሩቅ ሳይሄዱ ማየት ይቻላል። ከተራራው ማዶ የሚገኘው የኦወንስ ሸለቆ ቀድሞ እርሻና ሐይቅ የነበረው ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ የአካባቢውን የውሃ መብት እየገዛች በ1913 ባጠናቀቀችው ረጅም የውሃ ማስተላለፊያ ወንዙን ወደ ራሷ ከወሰደች በኋላ ግን ሐይቁ ደረቀ፤ ብዙ እርሻም ተተወ። የዲፕ ስፕሪንግስ ሸለቆ ግን ውሃው ወደ ውጭ የማይፈስ ዝግ ሸለቆ ነው። ከምንጮቹ አጠገብ በሚገኘው እርጥብ መሬት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ጥቁር የጉርጥ ዝርያ ይኖራል። በመሆኑም ከብቶች በዚያ አካባቢ የሚሰማሩት የጉርጡ ህልውና ግምት ውስጥ ገብቶ ነው።

አልፋልፋ፦ የእርሻው ምሰሶ

የኮሌጁ ዋና ሰብል በኛም አገር የእንስሳት መኖ ባለሙያዎች ለአርሶ አደሩ የሚያስተዋውቁት አልፋልፋ ነው። 60 ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ በመስኖ ይለማል። አልፋልፋ አንድ ጊዜ ከተዘራ ለበርካታ ዓመታት የሚታጨድ፣ ሥሩ ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ፣ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን የሚያዳብር ተክል ነው። በፕሮቲን ይዘቱም ከአብዛኞቹ የሣር ዝርያዎች ይበልጣል።

ተማሪዎቹ እዚህ ማሳ ላይ የሚማሩት የመጀመሪያው ነገር ጊዜን መጠበቅ ነው። አልፋልፋ አበባ ማውጣት ሲጀምር መታጨድ አለበት። ቀደም ብሎ ከታጨደ የምርቱ መጠን ያንሳል፤ ሥሩም ይዳከማል። ከዘገየ ደግሞ ግንዱ ይጠነክርና የመኖው ጥራት ይወርዳል። ታጭዶ የተሰጣው መኖ በደንብ ሳይደርቅ ከታሰረ ይሻግታል፤ ክምሩ ውስጥ በሚፈጠር ሙቀትም ሊቃጠል ይችላል። ከመጠን በላይ ደርቆ ከተነካ ደግሞ አብዛኛውን ፕሮቲን የያዘው ቅጠል ይረግፍና ግንዱ ብቻ ይቀራል። በደረቅ አካባቢ ያሉ አምራቾች ቅጠሉን በመጠኑ የሚያለሰልስ ጤዛ እስኪወርድ ጠብቀው በሌሊት ወይም በማለዳ ድርቆሹን የሚያስሩት ለዚህ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከብት እርጥብ አልፋልፋ ላይ በባዶ ሆዱ ከተለቀቀ ሆዱ ሊነፋና በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ ደረቅ መኖ መስጠት ወይም አድርቆ መመገብ ይመከራል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን ማሳው ላይ የቆመ ወጣት ዛሬ ይታጨድ ወይስ ሦስት ቀን ይቆይ የሚለውን ለመወሰን ግንዱን ጨብጦ ማየት ይኖርበታል።

የሥጋ ከብቶቹ በሞቃታማዎቹ ወራት ወደ ኋይት ተራሮች ይወጣሉ። በመንግሥት ደን መሬት ላይ በፈቃድ የሚሰማሩ ሲሆን፣ የእረኝነት ሥራ የተመደቡ ተማሪዎች በፈረስ እየተከተሉ ይጠብቋቸዋል። ብርዱ ሲመጣ መንጋው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ በበጋ የተከማቸው ድርቆሽም ያኔ ይወጣል። ተራራውን በሙቀቱ፣ ቆላውን በብርዱ ወራት የሚጠቀመው ይህ አሠራር ለደጋና ለቆላ ከብት አርቢ እንግዳ አይደለም።

የተማሪው ውሎ

ላም የማለብ ተራ የደረሰው ተማሪ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ላሞቹ በቀን ሁለት ጊዜ ይታለባሉ፤ ፈተና ደረሰ፣ በረዶ ወረደ ተብሎ የሚቀር እለት የለም። ወተቱ በቀጥታ ወደ ጋራ ማዕድ ቤት ይሄዳል። በዚያ የተመደቡ ሌሎች ተማሪዎች ከምግብ ኃላፊው ጋር ሆነው ለመላው ማኅበረሰብ ምግብ ያዘጋጃሉ። አትክልቱ ከኮሌጁ ጓሮ፣ ሥጋው ከራሱ መንጋ ነው።

ሥራው በዘልማድ የተከፋፈለ አይደለም። ተማሪዎቹ ከመካከላቸው የሥራ ኃላፊ ይመርጣሉ። ይህ ተማሪ ማን በመስኖ፣ ማን በከብት፣ ማን በማዕድ ቤት፣ ማን በጽዳት እንደሚሰማራ ይመድባል፤ ሥራው መሠራቱንም ይከታተላል። ምደባው በየጊዜው ስለሚቀያየር ትናንት ትራክተር የነዳ ዛሬ ሳህን ያጥባል። የእርሻና የከብት እርባታ ኃላፊዎች በሙያው የበሰሉ ቅጥር ሠራተኞች ናቸው፤ ተማሪዎቹ ከእነሱ ሥር ሆነው ይማራሉ።

የሥራው ልዩ ባሕርይ ስህተት ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ተማሪው የጽሑፍ ሥራውን ቢያዘገይ የሚጎዳው ራሱን ነው። የበረቱን በር ሳይዘጋ ከሄደ ግን መንጋው ወጥቶ ያድራል፤ ጓደኞቹም ሌሊቱን ሲፈልጉ ያድራሉ። የመስኖ መስመሩን በሰዓቱ ካላዛወረ አንዱ የማሳ ክፍል በውሃ ሲጥለቀለቅ ሌላው ይደርቃል። በአነስተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ በማግስቱም አብሮ ቁርስ ይበላል።

በክፍል ውስጥ ያለው ትምህርት በአብዛኛው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በመወያየት የሚካሄድ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት የሆኑ መምህራን እዚያው ሸለቆ ውስጥ፣ አንዳንዶቹም ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። በአደባባይ ንግግር ማድረግ ለሁሉም ግዴታ የሆነ ትምህርት ነው። ተማሪው በማኅበረሰቡ ፊት ቆሞ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ይተቻልም። በትምህርት ወቅት አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ ክልክል ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከሸለቆው መውጣትም አይፈቀድም።

ሥልጣን በተማሪ እጅ

ኮሌጁ የቆመባቸው ምሰሶዎች ሦስት ናቸው፦ ትምህርት፣ የጉልበት ሥራና ራስን ማስተዳደር። ከሦስቱ ለጎብኚ እንግዳ የሚሆነው የመጨረሻው ነው።

ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ ስብሰባውም ብዙ ጊዜ እስከ ሌሊት ይዘልቃል። አዳዲስ ተማሪዎችን የመምረጡ ሥራ በዋናነት የተማሪዎች ኮሚቴ ነው። በመጀመሪያ ዙር ያለፉ አመልካቾች ወደ ሸለቆው ተጠርተው ለጥቂት ቀናት አብረው እንዲሠሩ፣ እንዲበሉና ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርቡ ይደረጋል። ሌላ ኮሚቴ መምህራን ሲቀጠሩና የትምህርት ዓይነቶች ሲወሰኑ ይሳተፋል። ሦስተኛው ኮሚቴ ደግሞ የእያንዳንዱን ተማሪ አፈጻጸም ገምግሞ ለሁለተኛው ዓመት ይመለስ አይመለስ የሚለውን ያያል። በኮሌጁ ባለአደራ ቦርድ ውስጥም ድምፅ ያላቸው የተማሪ ተወካዮች ይቀመጣሉ።

ይህ አሠራር ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ተማሪዎቹ በየሁለት ዓመቱ ይቀያየራሉ፤ አንዱ ትውልድ በስህተት የተማረውን ቀጣዩ ከራሱ ስህተት እንደገና ሊማረው ይገደዳል። አብሮት የሚኖረውን ጓደኛ መገምገምም ለወጣት ከባድ ሸክም ነው። ኮሌጁ ሸክሙን ከትምህርቱ እንደ አንድ ክፍል ቆጥሮ ይዞታል።

ፍርድ ቤት የደረሰው ጥያቄ

ኮሌጁ ከተመሠረተ ጀምሮ ለአንድ ምዕተ ዓመት የሚቀበለው ወንዶችን ብቻ ነበር። መሥራቹ ንብረቱን ለባለአደራዎች ሲያስረክቡ በጻፉት ሰነድ ላይ ዓላማው «ወጣት ወንዶችን» ማስተማር መሆኑ ሰፍሯል። በጊዜ ሂደት ግን ሴቶች ከዚህ ዕድል ለምን ይከለከላሉ የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች፣ በመምህራንና በቀድሞ ምሩቃን ዘንድ እየጎላ መጣ።

በ2011 ባለአደራ ቦርዱ ሴቶችን ለመቀበል ወሰነ። ውሳኔውን የተቃወሙ የቦርድ አባላት ግን የመሥራቹ ቃል ሊሻር አይገባም በማለት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ክርክሩ ዓመታትን ፈጀ። በአንድ በኩል አደራ የሰጠ ሰው ቃል ይከበር የሚል፣ በሌላ በኩል የአደራው ዋና ዓላማ ለሰው ልጅ የሚያገለግሉ ሰዎችን ማፍራት ስለሆነ ይህ ዓላማ በወንዶች ብቻ አይወሰንም የሚል ሙግት ቀረበ። በ2017 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቦርዱ በመወሰኑ የመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎች በ2018 ሐምሌ ወር ወደ ሸለቆው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹም ከወንዶቹ እኩል ከብት ያግዳሉ፣ ትራክተር ይነዳሉ፣ ስብሰባ ይመራሉ።

ምን ያስከፍላል? ምንስ ያስተምራል?

ኮሌጁ ከከብትና ከድርቆሽ ሽያጭ ገቢ ያገኛል፤ የማዕድ ቤቱንም ፍላጎት በከፊል ከእርሻው ይሸፍናል። ይሁንና ከ30 ለማይበልጡ ተማሪዎች መምህራን ቀጥሮ፣ መኖሪያና ምግብ ችሎ በእርሻ ገቢ ብቻ መቆም አይቻልም። ተቋሙ የሚደገፈው በዋናነት ከቀድሞ ምሩቃንና ከሌሎች ለጋሾች በሚገኝ ልገሳና በተቀማጭ ገንዘብ ነው። የዲፕ ስፕሪንግስን ሙሉ አሠራር በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ባለው ተቋም እንዳለ መቅዳት የማይቻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተማሪዎቹ ሁለት ዓመታቸውን ሲጨርሱ ትምህርታቸውን ለማጠናቀቅ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይሻገራሉ። ከቀድሞ ተማሪዎቹ መካከል የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ስፕሮል፣ ቨርጂኒያን ወክለው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ጂም ኦሊን እንዲሁም ደራሲው ዊልያም ቮልማን ይገኙበታል። ሦስቱም የታወቁት በከብት እርባታ ሳይሆን በሌላ ሙያ ነው።

ሆኖም ከአሠራሩ ገንዘብ የማይጠይቀው ክፍል ሊታይ የሚገባው ነው። በዲፕ ስፕሪንግስ ማሳው የመማሪያ ክፍል ማሟያ ወይም የጉብኝት ቀን ማሳያ አይደለም። ከማሳው የሚወጣው መኖ መንጋውን ይመግባል፤ መንጋው ተማሪውን ይመግባል። ስለዚህ ማሳው ቢበላሽ ጉዳቱ እዚያው ገበታ ላይ ይታያል። እያንዳንዱ ሥራ ስሙ የሚታወቅ ኃላፊ አለው፤ ኃላፊውን የመረጡትም፣ የሚጠይቁትም አብረውት የሚሠሩት ናቸው።

በየቀበሌው ያሉ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትና የግብርና ኮሌጆችም የየራሳቸው ማሳ አላቸው። በእነዚህ ማሳዎች ላይ የሚለማው መኖ ማንን ይመግባል? መስኖው ሲቋረጥ ተጠያቂው ማን ነው? ሠልጣኙ ከመዝራት እስከ ማጨድ፣ ከማጨድ እስከ ማከማቸት ያለውን ሥራ በእጁ ይዞ ይጨርሳል ወይስ አንዱን ክፍል ብቻ አይቶ ይሄዳል? የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት የሚያስፈልጋቸው ተጨማሪ በጀት ሳይሆን የሥራ ክፍፍል መዝገብና ክትትል ነው። የአልፋልፋው ማሳም ቢሆን አበባው መውጣት ሲጀምር የሚያጭደው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ መኖው ጥራቱን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።